ያልለካሁት እግር

ጡረታ ወጥቼ ደሴ ከገባሁ ወዲህ ሰው ሁሉ እግሩን ይዞ ይመጣብኛል። አባቴ በአካባቢው የታወቀ ወጌሻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ዐረብ አገር ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ለጎረቤቶቼ ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ትልቅ ሐኪም ይወጣቸዋል። ወለም ያለው፣ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠው፣ ጉልበቱ የሚቆረጥመው ሁሉ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ይሰበስባል። እኔ ግን አላሽም። ከኪሴ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣና ሁለቱንም ባቶች እለካለሁ። አንዱ ከሌላው በልጦ ካገኘሁት ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ እላለሁ፤ እኩል ከሆኑ ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «ሱሪ ሰፊው» ብሎኛል። ባለቤቴ ዘሀራ እንኳ ሰው ሲመጣ «ሱሪ የሚያሰፋ መጥቷል» ብላ ነው የምትጠራኝ። አብሬያቸው እስቃለሁ። ለምን እንደማላሽ ግን ለእሷም ነግሬያት አላውቅም። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው፤ ሌላው የሥራ ዘመኔ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ኮንትራት ፈርሜ ስሄድ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስለ ደመወዝ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ በየዓመቱ ስለሚታደሰው ወረቀት ብዙ ማለት ይቻላል፤ የኔ ጣጣ ግን እዚያ ላይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ። የመጀመሪያ ምድቤ ጂዛን በሚባለው አውራጃ፣ የዳማድ ጤና ጣቢያ ነበር። ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ሸለቆ ነው፤ ፀሐዩ ከጧት ጀምሮ አናት ይመታል። የጊንጥና የእባብ ንክሻ፣ ወባ፣ በማጭድ የተቆረጠ ጣት እናክም ነበር። አለቃችን ፋሻ በክንዱ ለክቶ የሚሰጥ ቆጣቢ ሱዳናዊ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ፋራሳን ደሴት ላይ መደቡኝ። እዚያ መዳፉን መንጠቆ የበሳው ዓሣ አጥማጅ ካልመጣ በቀር ሥራ የለም፤ ከሰዓት በኋላ መርከቧ መጣች አልመጣች እያልኩ ባሕሩን ሳይ እውል ነበር።

ነገሬ ሁሉ የተጀመረው ግን አድ-ዳኢር ተራራ ላይ ነው። ቡና በእርከን የሚለማበት ደጋ ነው፤ ከየመን ድንበሩን አቋርጠው የሚመጡ የአገራችን ልጆች በየእርከኑ ተቀጥረው ይሠራሉ። ወረቀት ስለሌላቸው ነፍሳቸው ልትወጣ ካልደረሰች ጤና ጣቢያ አይመጡም። ሲመጡም የሚያሳዩኝ እግራቸውን ነው፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ እሾህ የተሰበረበት ውስጥ እግር፣ ገደል ሲወርዱ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት። አብዛኞቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። እኔም ፋሻና ኪኒን ብቻ ሰጥቼ መሸኘት አልሆነልኝም። በር ዘግቼ አባቴ ያስተማረኝን አወጣሁት፤ በጂዛን ሰሊጥ ዘይት እጄን ቀብቼ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ እያሸሁ፣ የተቋጠረውን ጅማት በአውራ ጣቴ እየፈታሁ። ሐኪሙ አይቶ እንዳላየ ያልፈኝ ነበር። አነክሶ የገባ ሰው ቀጥ ብሎ ሲወጣ ደስ ይለኛል። ዝናዬ ተራራውን ዞረ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ከልቤ የኮራሁት በእጄ ብቻ ነው፤ ከዲፕሎማዬም በላይ።

ከአድ-ዳኢር ወርጄ ጂዛን ከተማ፣ ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል ስገባ ከሲስተር ሊላማ ጋር ተገናኘሁ። የሕንድ ሰው ናት፣ የኬረላ። ቁመቷ ከትከሻዬ አይደርስም፤ ዋርዱን በሙሉ ግን በዐይኗ ነበር የምትገዛው። ምሳዋን ቆማ ትበላለች፤ ሻይዋ ላይ ሁልጊዜ ክዳን አለ፤ ዐረብኛዋ ከኔ የባሰ የተሰባበረ ነው። አንገቷ ላይ እንደ ሐብል የምታንጠለጥለው ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር ነበራት። አልጋ ላይ የሰነበተ በሽተኛን ሁሉ ጧት ጧት ባቱን ትለካለች፤ ከጉልበቱ በታች አሥር ሴንቲ ሜትር ላይ በብዕር ነጥብ ታደርግና ሜትሩን በነጥቡ ላይ ታዞራለች። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ነጥቡ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ የትናንቱንና የዛሬውን እዚያው ቦታ ላይ ካልለካህ ቁጥሩ ወሬ ነው አለችኝ። አንድ እግር ከሌላው ሲበልጥ፣ ሲሞቅና ሲያም ውስጡ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋው ደም ተፈንቅሎ ሳንባ ከገባ ደግሞ ሰው ቆሞ እያወራ ይወድቃል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ በየቀኑ ሲሠራ ያየሁት ግን ከእሷ ነው። እብጠት አይቻለሁ ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት።

«በዐይንህ ነው በሜትር?»

ደም ማቅጠኛውን መርፌ አወጋግ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ሆድ ላይ፣ ከእምብርት ራቅ አድርገህ፣ ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥረህ ትይዛለህ። ሲሪንጁ ውስጥ ያለችውን የአየር አረፋ አታስወጣትም። ቀስ ብለህ ትገፋለህ፣ እስከ አሥር ትቆጥራለህ፣ ታወጣለህ። ከዚያ በጥጥ ጫን ታደርጋለህ እንጂ አታሸውም፤ ካሸኸው ቆዳው ሥር ይደማል። እኔ የወጌሻ ልጅ ነኝና እጄ ሳያውቀው ማሸት ይጀምራል። ያን ጊዜ እጄን በሜትሯ ጫፍ ትገርፈኛለች። ዋርዱ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ።

ኮሮና ሲመጣ እንደማንም ሰው የሳንባ በሽታ ነው ብለን ነበር የተቀበልነው። ሳል፣ ትኩሳት፣ ኦክስጅን፣ በሆድ ማስተኛት። ውሎ አድሮ ግን ደሙ አስፈራን። የመርጋቱ ምርመራ የሚደረግበት ሰማያዊ ክዳን ያለው ጠርሙስ አለ፤ እስከ መስመሩ ሞልተህ ሦስት አራት ጊዜ ቀስ አድርገህ ትገለብጠዋለህ፣ ደሙም ቀጭን እንደሆነ ይቆያል። ያን ሰሞን ከመርፌው ወደ ጠርሙሱ ሳይደርስ የሚረጋ ደም አየን። ላቦራቶሪው «ረግቷል፣ ድገሙ» እያለ ይመልስልናል። የኩላሊት ማጠቢያው ማሽን ማጣሪያ ይደፈናል፤ ይቀየራል፤ አሁንም ይደፈናል። ሃያ ዓመት የማውቀው ደም ባሕርዩን ቀየረብኝ፤ ፈራሁት።

የመጀመሪያው ያስደነገጠን በሽተኛ የዳማድ ገበሬ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ሳለሁ የማውቃቸው ሽማግሌ። ኦክስጅናቸው እየጨመረ፣ ቀልዳቸው እየተመለሰ ነበርና ልናሰናብታቸው ተዘጋጅተናል። የዋርዱ ቅዝቃዜ ስለማይስማማቸው የሱፍ ካልሲ አያወልቁም፤ እኛም ደስ ይበላቸው ብለን ትተናቸዋል። ሲስተር ሊላማ ከእረፍቷ ተመልሳ የመጀመሪያ ሥራዋ ካልሲውን መግፈፍ ሆነ። ጣቶቻቸው ጠቁረው ነበር። ሳንባቸው ሲድን እግራቸው በረጋ ደም ተዘግቶ ሞቷል። ሽማግሌው ጣቶቻቸውን አይተው የማን ናቸው አሉ። በሳምንቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ለተኛ ሁሉ ደም ማቅጠኛ ሆነ፤ ሜትሩም ለሁሉም ሆነ፤ ቻርቱ ላይ «ቀኝ ባት፣ ግራ ባት» የሚል መስመር ሲስተር ሊላማ በእጇ አሰመረችበት።

ሰይድ የገባው በሁለተኛው ዓመት ነው። ከመመለሻ እስር ቤት፣ እነሱ ተርሂል ከሚሉት፣ ሳሉ ጠንቶበት በሹርጣ፣ በፖሊስ፣ ታጅቦ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የወረባቦ ልጅ፣ ከሲታ፣ ዐይነ ትልቅ። ዐሥራ አንድ ቀን በኦክስጅን ቆየ። ከነዚህ ውስጥ አምስቱን በሆዱ ተኝቶ ነበር። መርፌውን በየቀኑ ራሴ እወጋዋለሁ፤ «ኢብራዋ መጣች» እያለ ልብሱን ይገልጣል። አማርኛ የሚያወራው ሰው በማግኘቱ ይሁን ሞትን ስላየ አላውቅም፣ ትንፋሹ ሲመለስለት ሁሉን ነገረኝ።

አገሩን ሲለቅ ከታናሽ ወንድሙ ከከድር ጋር ነበር። ከድር የመን ውስጥ በሽታ ይዞት መንገድ ላይ ሞተ፤ ሰይድ በእጁ ቀበረው። አራት ዓመት ሆኖታል። አባቱ ሲደውል ግን «ከድር ሥራ ላይ ነው» ይለዋል። አንዴ ተራራ ላይ ኔትወርክ የለም፣ አንዴ ስልኩ ተበላሽቷል፣ አንዴ ከፊሉ፣ ማለትም አሠሪው፣ ሌላ ከተማ ወስዶታል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዘህ፣ ደጅ ቆመህ ነው የምትነግረው። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግርበት የመንደሩን ልጅ ሁሉ አስምሏል። በራሱ ፈቃድ ለመመለስ እጁን የሰጠውም ለዚሁ ነው። በረራ ተዘግቶ ሰባት ወር ታስሮ ቆየ። አሁን ተከፍቷል፤ ስሙም ለመጪው ሐሙስ በረራ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ያ ካለፈው የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«አባቴ አርጅቷል ጋሼ» አለኝ። «ከድርን ሲጠብቅ ከሞተብኝ እኔ ምን ሰው ነኝ?»

ያን ሰሞን ሲስተር ሊላማን ራሷን ኮሮና ይዟት ቤቷ ተዘግቶባት ነበር። ዋርዱ በኔ እጅ ነው። ሁለት ሰው የሚሠራውን አንዱ ይሠራል፤ ሜትሩ ግን ሳይቋረጥ ቆየ፤ ይህን በሐቅ እናገራለሁ። እስከ ሰኞ ድረስ የሰይድን ባት በየቀኑ ለክቻለሁ፤ ሁለቱም ሠላሳ አንድ። መርፌውም አልተቋረጠም። ግን መርፌውን እየተወጋም የሚረጋበት ሰው አለ፤ ጥቂት ነው እንጂ አለ። መለካቱ የሚያስፈልገው ለእነዚያ ነው።

ማክሰኞ ጧት ሜትሩን ይዤ ስጠጋ እግሩን በብርድ ልብስ ሸፈነ። ምነው ስለው ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ግራ እግሬ ከትናንት ጀምሮ ይዞኛል። ድሮ ገደሉን ስንወርድ ወለም ያለኝ ነው፤ ብርዱ ቀስቅሶት ነው ወላሂ። ከጻፍከው ዶክተሩ ‘አይሄድም’ ይለኛል። ኸላስ፣ በቃ ቀረሁ ማለት ነው።»

ብርድ ልብሱን ገልጬ አየሁት። እውነት ነው፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የድሮ ስብራት የመሰለ ጉብታ አለ። ባቱ ትንሽ ሞላ ያለ መሰለኝ፤ ትንሽ። እጄን አሳረፍኩበት፤ ሞቅ ይላል። በሙቀት አገር የማይሞቅ እግር የት አለ አልኩ። አድ-ዳኢር ላይ እንዲህ ያለ እግር በመቶ የሚቆጠር አይቻለሁ፤ ሁሉም ወለምታ ነበር። ሜትሩ እጄ ላይ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ካዞርኩት ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ካወቅሁት መጻፍ አለብኝ፤ ከጻፍኩት ሐሙስ የለም። ስለዚህ አላዞርኩትም። ቻርቱ ላይ ቀኝ ሠላሳ አንድ፣ ግራ ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ። በሃያ ምናምን ዓመት ሥራዬ ያላየሁትን ቁጥር የጻፍኩት ያን ጊዜ ነው። እሮብ ጧትም ደገምኩት።

እሮብ ከሰዓት በኋላ ጠባቂው ፖሊስ ለዐስር ሶላት ወጣ። ደግ ሰው ነበር፤ ውሃ ሲገዛ ለሰይድም ይጨምራል። እሱ እንደወጣ ሰይድ ጠራኝ። ሌሊቱን በሕመም እንዳልተኛ፣ ነገ ሲያሰልፏቸው ሲያነክስ ካዩት ከመስመር ያስወጡኛል ብሎ እንደፈራ ነገረኝ። በተርሂል ሳለ የአድ-ዳኢር ልጆች ስሜን አንስተው ነበር ለካ።

«የወጌሻ ልጅ ነህ ይሉሃል» አለኝ። «እሸኝ ጋሼ።»

እንቢ የምልበት ምክንያት ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ ነበር። አንድም የጎደለ አልነበረም። ይህ በሽታ ደም እንደሚያረጋ፣ የአንድ እግር ሕመም እንደማይታሽ፣ መጀመሪያ በአልትራሳውንድ መታየት እንዳለበት አውቃለሁ፤ ለአዳዲስ ነርሶች የማስተምረው እኔ ነኝ። ከረጋም ደግሞ መድኃኒት አለው፤ ያው መርፌ በከፍተኛ መጠን ይሰጣል፣ ሰውየው ይተኛል፣ ወራት በኪኒን ይቆያል፣ አብዛኛው ይድናል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለጉልበቴ የገዛሁትን የሰሊጥ ዘይት ከመቆለፊያዬ አመጣሁ። አዝኜለት ነው። ግን ሐዘኔታ ብቻ አልነበረም፤ ለዓመታት ስለካና ስወጋ ኖሬ አንድ ሰው እጄን ስለፈለገው ደስ ብሎኝም ነበር። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል።

ከቁርጭምጭሚቱ ጀመርኩ። አባቴ እንዳስተማረኝ ወደ ላይ፣ ቀስ እያልኩ። ባቱ መሀል ስደርስ አውራ ጣቴ ሥር ጠንከር ያለ ነገር አገኘሁ፤ ጣት የማይሞላ፣ እንደ ተገመደ ክር። አባቴ ይህን የተቋጠረ ጅማት ይለው ነበር፤ ሲያገኘው «ይኸውና ሌባው» ይላል። እኔም ሌባውን ያገኘሁ መሰለኝ። ሰይድ ጥርሱን ነከሰ። ጫን እያልኩ፣ ወደ ላይ እየገፋሁ፣ እስኪለዝብልኝ ድረስ አሸሁት። ለዘበም። ላቡን ጠርጎ ፈገግ አለ።

«አይ ጋሼ፣ ቀለለኝ» አለ። «የአባትህን ነፍስ አላህ ይማራት።»

ሐሙስ ጧት ልብሱን ለባብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አገር ቤት ሲደርስ ሽማግሌ እነማንን እንደሚይዝ ይቆጥርልኝ ጀመር፤ የመስጊዱን ኢማም፣ አጎቱን፣ አንድ ጎረቤት። ዶክተሩ፣ ግብፃዊ ወጣት ነበር፣ ቻርቱን ገለጠ፣ ሳንባውን አዳመጠ፣ እግሩ ጋ ያለውን ቁጥር በጣቱ ተከትሎ አየ፣ ፈረመ። ሰይድ ለመታጠብ ተነሳ። ሦስት እርምጃ ሄዶ ግድግዳውን ያዘ።

«ጋሼ፣ አየር አነሰኝ» አለ፤ ከዚያ ወደቀ።

ልቡ እንዲመለስ ደረቱን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ለሳንባ የረጋ ደም የሚሰጠውን ማሟሟቻ አዘዘ፤ ሰጠነው። ተፈራርቀን ተጫንን። እጄ ላይ ያለው ዘይት ታጥቦ እንኳ ሽታው አልለቀቀም ነበር፤ ደረቱን ስጫን ይሸተኝ ነበር። አልተመለሰም። ዶክተሩ ሲያበቃ ሱሪውን ቀድዶ እግሮቹን አየ። ግራው አብጦ ቆዳው ሰማያዊ ሆኗል። ቻርቱን እንደገና አነሳና ቆሞ አነበበው።

«እኩል ይላል እኮ» አለ። «ከትናንት እስከ ዛሬ እንዲህ ሆነ?»

መልስ የሚጠብቅ አልመሰለኝም፤ ቢጠብቅም አልመለስኩለትም። ወረቀቱ ላይ ኮሮና ተብሎ ተጻፈ። ሐሰትም አይደለም። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ ሄደ።

አንዳንድ ሐኪም ይህን ቢያነብ ሳይታሽም ሊሞት ይችል ነበር ይለኛል። ይችል ነበር። የረጋ ደም ማንም ሳይነካው ይፈነቀላል፤ ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን እኔ ያን ክር የመሰለ ነገር በአውራ ጣቴ ነክቼዋለሁ፤ ወደ ላይ ገፍቼዋለሁ፤ ሲለዝብም ተሰምቶኛል። የት እንደሄደ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም።

ሲስተር ሊላማ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰች። ትንፋሽ እያጠራት፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ እሷ ያልነበረችበትን ቀን ቻርት ሁሉ አስመጥታ አነበበች። የሰይድ ላይ ስትደርስ ቆየች። ከዚያ ጠርታ አሳየችኝ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ እሮብ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አንድ። የሰኞው ሥር እንደወትሮዬ ሰዓትና የነጥቡን ቦታ ጽፌያለሁ፤ የሁለቱ ቀናት ሥር ግን ባዶ ነው።

«በዐይንህ ነው በሜትር?» አለችኝ።

«በዐይኔ» አልኳት።

ማሸቴን አልነገርኳትም። እሷም ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ለማንም አመልክታ ይሆናል ብዬ ለወራት ብጠብቅም የመጣብኝ ነገር የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እጄን በሜትሯ ገርፋኝ አታውቅም። በዓመቱ ሳንባዋ አልጠገን ስላላት አገሯ ስትገባ ሁሉም ስጦታ ሰጣት፤ እሷ የሰጠችው ለኔ ብቻ ነበር። ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። ይቅርታ ይሁን ቅጣት እስካሁን አላወቅሁትም። ሠራተኛ ሆኜ የቀረችኝን ጊዜ ሁሉ ለካሁ። ወጣቶቹ ነርሶች ጋሽ ሁሴን አበዛው ይሉኝ ነበር።

ጡረታዬ ሲደርስ ኬክ ቆረሱልኝ፤ አለቃው ስለ ታማኝነቴ ተናገረ። ታማኝነት የምትለዋን ቃል ሲጠራ ወደ ውጭ ወጣሁ። እንባዬ የመለያየት መስሏቸው ያዘኑልኝ ሰዎች አሉ።

ደሴ ከገባሁ በኋላ ወረባቦ ለመሄድ ዓመት ፈጀብኝ። መንገዱ ቅርብ ነው። ዘወትር ሰኞ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ሰኞ ሲደርስ የሚሠራ ነገር አላጣም። የሰይድን ሞት ከተመላሾቹ እንደሰሙ አውቃለሁ። የከድርን ግን ያ ልጅ አስምሎ የዘጋው ነገር ነውና የቀረው እኔ ዘንድ መሰለኝ። ሁለት ነገር ይዤ ነበር የምሄደው፤ የከድርን መርዶና የራሴን ጥፋት። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ለዘሀራ የታመመ ሰው ልጠይቅ ነው ብዬ ወጣሁ።

አባትዬው ጋሽ ይመር ይባላሉ። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተነሥተው እጄን ያዙ። ከሰይድ ጋር ዋርዱ ውስጥ ተኝቶ የነበረ አንድ ተመላሽ ሁሉን ነግሯቸዋል፤ ልጃቸው በመጨረሻው ቀን እግሩን ሲያመው የአገሩ ሰው የሆነ ነርስ እንዳሸለት። እጆቼን ገልብጠው አዩዋቸው፤ ከዚያ ሳሟቸው። በየሶላቱ ለእነዚህ እጆች ዱዓ አደርግ ነበር አሉኝ። አጎዛ ላይ አስቀመጡኝና እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው ግራ እግራቸውን ጭኔ ላይ ዘረጉት።

«ባቴን ይይዘኛል» አሉ። «ልጄን ያሸው እጅ እስቲ የኔንም ይሸኝ።»

ሜትሩን አወጣሁ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ከጉልበታቸው በታች ነጥብ አድርጌ ለካሁ፤ ቀኙንም ለካሁ። እኩል ነበሩ። ሜትሩን እየጠቀለልኩ፣ ዐይናቸውን ሳላይ፣ አባባ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት፣ ስለ ከድር ነው አልኩ።

እንድጨርስ አልጠበቁኝም።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «‘ከድርስ?’ ስለው የሰይድ ድምፅ ይለወጥ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ከዚያ ተውኩት። ሰደቃውንም ለብቻዬ አውጥቻለሁ። ልጁ እንዳይጨነቅብኝ ብዬ እንዳላወቅሁ ሆንኩ።»

አባቱ አራት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። ያ ሁሉ ጥድፊያ፣ የተሸፈነው እግር፣ ያላየሁት ቁጥር፣ ለአንድም ነገር አልነበረም። ያ አውሮፕላን ቢያመልጠው፣ ሌላ ሰባት ወርም ቢቀመጥ፣ የሚዘገይ ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ በስልክ ተላቅሰው ቢሆን ኖሮ ሰይድ እግሬን አመመኝ ብሎ ለዶክተሩ ይናገር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም፤ የራሴን ነገርኳቸው። በሽታው ደም እንደሚያረጋ፣ የረጋው ባቱ ውስጥ እንደነበር፣ ሳልለካ እንደጻፍኩ፣ እንደማይታሽ እያወቅሁ እንዳሸሁት፣ የረጋውን ሳንባው ውስጥ የከተትኩት እኔ ሳልሆን እንዳልቀረሁ። በቀላል አማርኛ፣ ምንም ሳልሸፍን። ጋሽ ይመር አቀርቅረው ሰሙኝ። ስጨርስ ቀና አሉ።

«ሲታሽ ቀለለው?» አሉ።

«ቀለለኝ ብሎኝ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «የአላህ ውሳኔ ነው ልጄ። አንተ ለደግ ብለህ ነው።»

መልካም አድርገው ነው የተናገሩት፤ ለእንግዳ መባል ያለበትን ሁሉ አሉኝ፤ ድምፃቸውም አልተለወጠም። ይህን እያሉ ግን እግራቸውን ከጭኔ ላይ ቀስ አድርገው አነሱና ጋቢያቸው ሥር ሰበሰቡት። ምሳ ሳትበላ አትሄድም አሉኝ። በላሁ። እስክነሳ ድረስ እግራቸውን መልሰው አልዘረጉትም።